ያልተሰነጠቀው ቀርከሃ

አክስቴ ሐዋ የበደለችኝ ልጅ ሳለሁ፣ አሶሳ ክረምት በገባ ሰሞን ነው። ዛሬ ከልጄ ምድጃ ቀርከሃ ሲፈነዳ ሰማሁና ብቻዬን ሳቅሁ።

ያኔ ማገዶ እንዲበረክት እሳቱን አመድ አልብሰን በፍሙ ብቻ እንሞቅ ነበር። ሐዋ ግን እኛ እርሻ ስንውል እሳቱን አንድዳ ስትሞቅ ትውልና፣ ማታ የማገዶው ክምር ጎድሎ ሲገኝ "ሌሊት እየተነሣች ታነዳለች" ብላ ወደ እኔ ትጠቁማለች።

"ይቺ ልጅ እንጨት ትበላለች እንዴ?" አለች አንድ ቀን። ሁሉም ሳቁ። እኔን ከምድጃው ዳር አንስታ በሩ ሥር አስተኛችኝ።

አያቴ ብርድ ልብሱን ደረበልኝና፣ "ነገ የማገዶውን ቀርከሃ በደንብ ሰንጥቂ፤ ሳይሰነጠቅ ከነደደ ፈንድቶ እርሻ ድረስ ይሰማል" አለኝ። ፊቱ ላይ ሳቅ ነበር።

ጠዋት በተሰነጠቀው መሃል አንድ ያልተሰነጠቀ ሸጎጥኩና እርሻ ሄድኩ። ረፋድ ላይ ከቤት በኩል "ጧ!" ሲል እርሻ ያለነው ሁሉ ሰማን፤ እሳቱን ማን እንደሚያነድ ያን ቀን ታወቀ።