የአባ መቻል ፈረስ

የጋለ ብረት ሰኮና ሲነካ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ በገባ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ሌላ ሰው ፀጉር ያረረ መስሎት ዞር ይላል፤ እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ከአባዬ ጎን ቆሜ የዴልን ሳቅ እሰማለሁ።

የምንኖረው በስደት አገር፣ አውሮራ በምትባል ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ነበር። አባዬ ሳምንቱን ሙሉ የኤርፖርት ቫን ሲነዳ ሰንብቶ፣ ቅዳሜ ሲደርስ እኔን ከኋላ አስቀምጦ፣ ሕንፃው አልቆ ሜዳው ሲጀምር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ በስተምሥራቅ ወዳለች የገበሬ ከተማ ይወስደኝ ነበር። ከተማዋ ሰፋሪዎች በሰው መሬት ላይ የቆረቆሯት ናት፤ አንድ የድርቆሽ ሱቅ፣ አንድ የፈረስ ጫማ የሚመታ ቀጥቃጭና የዴል ጋጣ ነበሯት። ዴል ፈረስ አርቢ ነበር፤ አያቱም እዚያው ያረቡ እንደነበር ሳይጠየቅ ይናገር ነበር።

አባዬም አገው ምድር ከፈረስ ጋር ያደገ ሰው ነው። በአንድ የበረዶ ወራት ዴል ሁለቴ አስወርዳ ለሦስተኛ ጊዜ ያረገዘች ባዝራ ሊያስወግድ ሲል አባዬ በርቢ እንዲሰጠው ለመነው። ርቢ በአባዬ አገር የታወቀ ነው፤ ከብቱ የባለቤቱ ሆኖ ይቆይና የደከመበት ሰው ከሚወለደው ይካፈላል። «እናቲቱ ያንተ፣ የምትወልደው የኔ» አለው። ዴል እጁን ዘረጋ፣ አባዬ ጨበጠ፣ አለቀ። እማዬ «ወረቀት አላጻፍክም?» ስትለው «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብሎ አፏን አስያዛት። የወለዱት እኔ ስለነበርኩ ተረቱ ደስ አላለኝም።

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የገንዳውን ውኃ በመጥረቢያ እየሰበረ፣ ሆዷን በጭድ እያሸ፣ እንደ ሰው እያናገራት ከረመ። ሣሩ ብቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ግንባሩ ነጭ የሆነ ዳማ ውርንጭላ ወለደች። አባዬ «መቻል» አለው። በእነሱ አገር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራልና፣ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ከፓርኪንጉ ማዶ «አባ መቻል! ቫኗን ፓርክ አድርገህ ና እንጂ!» እያለ ይጣራ ጀመር። ቫን ነጂው አባቴ ያንን ስም ሲሰማ አንገቱ ቀጥ ይል ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ መቻል ጡት ጣለ፤ ልንወስደው ብንሄድ ጋጣው ባዶ ነው። ዴል ከቀጥቃጩ ዘንድ ቆሞ ፈረስ ያስጫማል። የአባዬ እንግሊዝኛ ከመንገድ መጠየቅ አያልፍም ነበርና የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ።

«ሸጥኩት። ምን ወረቀት አለህ በይው» አለኝ ዴል።

አልኩት። በገዛ አፌ።

«ተጨባብጠናል በይው» አለ አባዬ።

ዴል መዳፉን ገልብጦ አየና ሳቀ፤ ቀጥቃጩም ሳቀ። ስንመለስ ጋሽ ከድር እንደ ወትሮው ቢጣራ፣ አባዬ አንገቱን ደፍቶ «ከእንግዲህ እንደሱ አትበለኝ» አለው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መቻል አድጎ በዚያ ሜዳ ሁሉ የሚፈለግ ድንጉላ ሆነ፤ በዘር ወረቀቱ ላይ ግን አርቢው ዴል ተብሎ ተጽፏል። እኔም አድጌ የራሴን ጋጣ ይዤ፣ መቻል ሲያረጅ ፈልጌ ገዛሁት። ዘንድሮ ሣሩ ብቅ ሲል፣ ያረጀው ዴል የልጅ ልጁን ባዝራ ጭኖ በመቻል ሊያስጠቃትና ከዘሩ ሊያስወልዳት መጣ። አላወቀኝም። እጁን ዘረጋ፤ ተንጠልጥሎ እስኪደክመው ድረስ ሳልጨብጠው አየሁት።

«መጀመሪያ እዚህ ላይ ፈርም» አልኩት። አርቢው አባቴ መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ነበር። የአባቴን ስም ሲያነብ አወቀኝ፤ ቀላ፣ ፈረመ። «አሁን ባዝራዋን ላስገባት?» አለ።

«እሱን የተነጋገርንበት ወረቀት የታለ?» አልኩት። ባዝራዋን እንደጫነ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዬ አላየሁም።

ደብዳቤውን አባዬ አሁን ወደሚኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሞንትቤሎ ወሰድኩለት። ስሙን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበና ቀና ብሎ «ባዝራይቱስ?» አለኝ። ነገርኩት። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ልጅ ሳለሁ ያ «የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ተረቱ ያስከፋኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ እሱ ዛሬም በተናገረው የሚጸና ያው ሰው ነው፣ የጠፋሁት እኔ ነኝ። ዴል ነገ ተመልሶ ቢመጣ ግን እደግመዋለሁ።