ቡላ ዝም ያለችበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ አንድ አሮጌ መኪና የደብረ ታቦርን ዳገት እያጓራ ወጣ። ሰው ጆሮውን ይዞ ሲስቅ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጭስ ማውጫው እንደተቀደደ ከድምፁ አውቄዋለሁ፤ መካኒክ ሆኜ አይደለም፣ የድንች ጫኝ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ድካሙም ነበረብኝና የተማሪዎቼን ደብተር አቅፌ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቡላም ትዝ አለችኝ።

ቡላ የአባዬ አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ስሟን ያገኘችው ከአያቴ ፈረስ ነው፤ ፀሐይ ቀለሟን ልጦት ፈረሱን መስላ ነበርና። አባዬ በእሷ ከገሳይ ድንች እየጫነ ደብረ ታቦር ያመጣ ነበር፤ እማዬ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጣ እየሄደች ድንቹን መርጣ ታስጭን ነበር፤ ትምህርት በሌለ ቀን እኔም በመሀላቸው እሸጎጥ ነበር። አባዬ ሲነሣም ሲቀመጥም «እህ» ሳይል አይሆንለትም። እማዬ፣ መኪናዋ ናት እንጂ አንተን የምትነዳህ አንተ መች ነዳሃት፣ እያለች ትተርበው ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ከገሳይ ስንመለስ አንድ ድንጋይ ሆዷን መታትና ቡላ በአንድ ጊዜ አጓራች። እማዬ ሥላሴን ጠራች። አባዬ ሞተሩ የፈነዳ መስሎት ፊቱ አመድ መሰለ፣ አቁሞ ወርዶ ግን ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። ሞተሩ ቢሆን ዳገቱ ላይ ጉልበቷ ይከዳት ነበር አለን፤ ጉልበቷ አለ፣ ጩኸቱ የሚብሰው ነዳጅ ሲረገጥ ነው፣ እንግዲያው ጭስ ማውጫው ነው። እማዬን መሪው ጋ አስቀምጦ ነዳጁን ቀስ ብላ እንድትረግጥ ነገራትና፣ እሱ ጨርቅ በውሃ ነክሮ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ደፈነ። መውጫ ያጣው ጭስ ከጋቢናው ሥር ቡልቅ አለ። እኔ ደግሞ ከሞተሩ አጠገብ ሌላ ጭስ አየሁ፣ እንደ ክር የቀጠነ። ነገርኩት።

«እሷ አትጮህም፣ ተያት» አለኝ።

መበየድ ነበረባት። ነገር ግን በያጁ፣ ቱቦው በስብሷል፣ ከባሕር ዳር ሌላ እስኪመጣ መኪናዋ ትቁም አለ፤ ድንቹ ደግሞ ማሳ ላይ ነበር። እናም በጋውን እያጓራን ተመላለስን። ድሮ የንጉሥ መድፍ ከተሠራበት ከጋፋት ለገበያ የሚመጡት ሰዎች፣ የእኛ መድፍ እናንተ ቤት ነው እንዴ ያለው፣ እያሉ ይስቁብን ነበር። አባዬ ይህን ሁሉ ችሎት ነበር። በመጋቢት እህቴ እናኑ ተወለደች፤ ቡላ ግቢ በገባች ቁጥር ሕፃኗ በርግጋ ስታለቅስ ግን አልቻለም። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ቱቦው ላይ ጠመጠመ፣ በሽቦ አሰረው፤ እማዬም ጎታ የምትለስንበትን ጭቃ ከጭድና ከአመድ ጋር አቡክታ ሰጠችውና በላዩ ላይ መረገው። ሙቀቱ እንደ ሸክላ ጠበሰው፣ ቡላም ዝም አለች። ጭቃው ወደ ውስጥ ገብቶ ቱቦውን እንዳጠበበው ማን አየ? ዝም ስላለች ዳነች ብለን ደስ አለን።

ክረምት ገባ። የእኛ አገር ሰው ከጅብ ይልቅ ነፋስ ይፈራል፤ ሕፃን የተሳፈረበት መኪና መስኮቱ ሊከፈት ቀርቶ ስንጥቁም በጨርቅ ይጠቀጠቃል። በሐምሌ እማዬን ራሷን ያማት ጀመር። ገሳይ እስክንደርስ ያጥወለውላታል፣ ወርዳ ድንች ስትመርጥ ይለቃታል። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀላት። እኔንም ያመኝ ነበር፣ ለእኔም ተጨመቀልኝ። መድኃኒቱን ጠጥተን፣ ነፋስ እንዳይነካን ብለን መስኮቱን ከበፊቱ አጥብቀን ዘግተን እንሄድ ነበር። ሞኝነታችን ዛሬም ያናድደኛል።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዶፍ እየወረደ ስንመለስ፣ እማዬ ለእናኑ ጡት ሰጠቻት፤ አልያዘችም። ጉንጯን መታ መታ አደረገቻት፤ አንገቷ ዝልፍልፍ አለ። እማዬ አቁም አለች። አባዬ ምች ነው፣ ዳማከሴው ቤት ነው፣ ቶሎ እንድረስ ብሎ ጭራሽ ነዳጁን ረገጠው።

«አቁም ብዬሃለሁ! ወርጄ ስቆም ይለቀኛል፣ ስገባ ይይዘኛል። ሕመማችን እዚሁ ጋቢና ውስጥ ነው።»

ገና ሳትቆም በሩን ከፈተች፣ ልጇን ይዛ ዝናቡ ውስጥ ወረደችና ነጠላውን ከፊቷ ገለጠችላት። የአምስት ወር ልጅ ለነሐሴ ዝናብ የምትሰጥ እናት አይቼ አላውቅም። አባዬ፣ ብርዱ ይገድላታል እያለ ተከተላት። እኔም ወረድኩ፣ ጭቃው ላይ ተቀምጬ አስመለሰኝ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ረጅም ነበር። ከዚያ እናኑ መጀመሪያ እንደ ድመት ግልገል ሲጥ አለች፣ ቀጥላ አፏን ከፍታ አለቀሰች።

ያኔ ነው ስለዚያች ቀጭን ጭስ ለአባዬ እንደገና የነገርኩት። የሞተሩን ክዳን አነሣ። ክሯ አውራ ጣት አክላ ነበር፤ ታች መውጫ ስትከለከል በነዳጅ መርገጫው ቀዳዳ በኩል ወደ እኛ ትገባ ኖሯል። አባዬ የጎማ መፍቻውን አንሥቶ መኪናዋ ሥር ገባና ምርጊቱን ደብድቦ ጣለው። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን፣ ዝናቡ እየቀጠቀጠን፣ ቡላ እያጓራች፣ እናኑ እያለቀሰች ደብረ ታቦር ገባን። ማንም ዝም በይ አላላትም። አባዬ ፊቱን በእጁ ይጠርግ ነበር፤ እኔ ዝናቡን መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቡላ በያጁ ጋ ገብታ፣ ቱቦው መጥቶ እስኪቀየርላት ድረስ ሳምንታት ቆመች። ድንቹም ሰው ጀርባ ላይ ተጭኖ መጣ፣ የተረፈውም ማሳ ላይ በሰበሰ። በመስከረም አጥሩ ሥር ተቀምጠን ሳለ አባዬ፣ ልጄ፣ አይተሽ ነግረሽኝ ነበር እኮ፣ አለኝ።

ዛሬ ቡላ የለችም። የምሳፈርባቸው ሚኒባሶች ሞተራቸው እንኳ አይሰማም፤ እኔ ግን በክረምትም መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል እከፍታለሁ፣ ተሳፋሪው ብርድ ነው፣ ዝጊው ይለኛል፣ እከራከራለሁ፣ እሱም ያደክመኛል። እናኑ ዐረብ አገር ሰው ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ስትደውል ድምፅዋ የለዘበ ነው፤ ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው ትላለች፣ ሁልጊዜ እነዚያኑ ሦስት ቃሎች። እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ስልኩን ለአባዬ ታቀብለዋለች። ጆሮው ደክሟል፣ ግን አጥብቆ ያዳምጣታል፣ ድሮ ቡላን እንደሚያዳምጣት።

«እናኑ» ይላታል፣ «ከከፋሽ ጩኺ። ለእኛ ብለሽ ዝም እንዳትዪ።»

ከወዲያ በኩል መልስ እስኪመጣ ድረስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን።