ማሽኑ የማያነበው መስመር

ትናንት ከምሳ በፊት ቢሮ ውስጥ የደረሰብኝን ልንገራችሁ... እስካሁን ፊቴ ይቃጠላል።

እዚህ እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ ፕሮግራመር ነኝ። የኔ ክፍል ሌሎቹ የጻፉትን ኮድ ሰብስቦ፣ ገጣጥሞና ፈትሾ የሚያወጣውን መሣሪያ ይንከባከባል። መሣሪያው አርጅቷልና ትእዛዞቹ የሚጻፉበት አዲስና ቀለል ያለ ቋንቋ ይመረጥ ተባለ። ሁሉም ፓይተን አሉ። እኔ ሉዋ አልኩ። ሉዋ ትንሽዬ ናት፣ ከመሣሪያው ጋር አብራ ትገባለች። በየሰው ኮምፒውተር እየዞሩ መጫን፣ «ያንተ ስሪት ሁለት ነው፣ የኔ ሦስት ነው» እያሉ መጨቃጨቅ የለም። አለቃዬ «እስቲ ሞክረህ አሳየን» ብሎ ሁለት ሳምንት ሰጠኝ።

ጥጌን ይዤ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ቢሮ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከሥራ ጉዳይ ውጪ የሚያናግረኝ የለም። ክፉዎች ሆነው አይደለም። ምሳ ሲደርስ ተጠራርተው ይሄዳሉ፣ እኔን መጥራት አይመጣላቸውም፣ በቃ።

ሉዋ ላይ ሁለት ሰረዝ አድርጋችሁ የጻፋችሁትን ማሽኑ አያነበውም፣ ለሰው የሚተው ማስታወሻ ነው። የኔን ኮድ ደግሞ ሰውም አያነበውም። ስለዚህ በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ «ይህ ፋይሎቹን ይሰበስባል» ዓይነት ነበር። ከዚያ ወጉ መጣ...

«ዛሬ ቡና ማሽኑ ጋ አንዱ ሳቀልኝ። ለካ ከኋላዬ ላለው ነው።»

«ዛሬም ምሳ ብቻዬን።»

«ልደቴ ነው። ለማን ልንገር?»

ከስብሰባው በፊት አጠፋዋለሁ ብዬ ነበር። ረሳሁት።

ስብሰባው ላይ የሉዋን ፍጥነት አሳየሁ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አለቃዬ «ኮዱን እስቲ» አለ። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከፈትኩት። ግድግዳውን የሞላ አማርኛ!

«ውይ እንዴት የሚያምር ፊደል! ምን ይላል?» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ።

«የ... የአሠራሩ ማብራሪያ ነው» አልኩ።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። የሕንፃው ጥበቃ ጋሼ አዲሱ ናቸው፣ ሃምሳን ያለፉ የኛው አገር ሰው። በዕብራይስጥ «የማን መኪና ነው መግቢያውን የዘጋው?» ብለው ጠየቁ። የአለቃዬ ነበር። እሱ ቁልፉን በየኪሱ ሲፈልግ ጋሼ አዲሱ በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን ያያሉ። ከንፈራቸው ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል... እያነበቡ ነው! ገጹን ላወርደው ስል አንብበው ጨረሱ፣ አንዴ አዩኝ፣ ቁልፉን ተቀብለው ወጡ።

ሉዋ አለፈች። «ማብራሪያውን ብቻ በእንግሊዝኛ አድርገው» ተባልኩ። ሁለት ሳምንት ለዚህ ለፍቼ፣ ደስታው ግን ወዴት እንደገባ እንጃ።

ምሳ ሰዓት ለማንም እንዳይናገሩብኝ ልለምናቸው ወረድኩ። መግቢያው ላይ ባለችው ክፍላቸው ውስጥ የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ይበላሉ።

«ጋሼ፣ ቅድም ያነበቡት ነገር...»

«ይሺቫው... ስብሰባው ላይ የነበረው? አነበብሁት እንጂ። ጎንደር ሳለሁ አስተማሪ ነበርሁ፣ ፊደል አይጠፋኝም።»

«እባክዎን፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ...»

«ለማን ልነግር? ከማን ጋራ እጫወታለሁ ብለህ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እኔም እኮ እዚችው ብቻዬን ነው ምበላው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጧት ጧት ‹እንደምን አደርህ ልጄ› ስልህ፣ አንተ በዕብራይስጥ ‹ቦከር ቶቭ› ብለህ ካርድህን አሳይተህ ታልፋለህ። አማርኛው የጠፋብህ መስሎኝ ሳዝንልህ ነበር።»

አማርኛው አልጠፋብኝም። ከጥበቃው ጋር በአማርኛ ስስቅ ካዩኝ ላይኛው ፎቅ ያሉት የቢሮ ልጆች እኔንም ከጥበቃው ለይተው አያዩኝም ብዬ ነው። ይህን በምን አፌ ልንገራቸው? አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

«በል ሃፍሳካህ፣ የምሳ ዕረፍትህ ሳያልቅ ቁጭ ብለህ ቅመስ» አሉና ምሳ ዕቃውን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

ተቀመጥኩ። አንዴ ጎረስኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ላይኛው ፎቅ አገለለኝ እያልኩ ሳማርር... ለካ እኔም መግቢያው ላይ አንድ ሰው አግልዬ ኖሬያለሁ።