ምነው ካፓሲተሩ በሆነ

ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ዲስፕሌስመንት ከረንትና ኤዲ ከረንትን ሲያምታቱብኝ ደሜ ይፈላል። መርሳ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በዚህች ነገር ያልተቆጣሁት ልጅ የለም። «ሁለቱም ከረንት አይደሉ ወይ ቲቸር?» ይሉኛል። ጅብና ውሻም አራት አራት እግር አላቸው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ በሌላ ቀን መልሰው ያምታታሉ። ዘንድሮ በበጋ ግን እኔው ራሴ ሁለቱ አንድ በሆኑልኝ ብዬ ተመኘሁ።

አባቴ ከመርሳ በታች፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ሽንኩርት ያለማሉ። ዱሮ ከሰል አክሳይ ነበሩ። ቁጥቋጦው ሲመናመንና ሲከለከል ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ በመብራት የሚሠራ ፓምፕ ገዙ፣ ዕድሜያቸውን በጭስ የጨረሱት ሰውዬ የመስኖ ገበሬ ሆኑ። ዘንድሮ ጤፍም ማሾም ይቅር ብለው ማሳውን ዳር እስከ ዳር ሽንኩርት አደረጉት። ገና ራስ መቋጠር ሲጀምር የፓምፑ ሞተር ተቃጠለ። ሽንኩርት በዚያ ወቅት ውሃ ከቀረበት አለቀለት፣ የዓመቱ ቀለባችንም አብሮ አለቀ ማለት ነው።

ወልድያ ተወሰደና በአዲስ ሽቦ ተጠቅልሎ ተመለሰ። ተነሣ፣ ውሃ ሰጠ፣ እናቴም እልል አለች። ብዙም ሳይቆይ ግን ሞተሩ እጅ የማያስነካ ሆነ፣ የአዲሱ ሽቦ ቫርኒሽ ሸተተ፣ አጠፉት። ቀዝቅዞ ሲያስነሱት ያው ነው። የሠፈሩ ኤሌክትሪክ ሠሪ መጣና ገና ሳይፈታው «ካፓሲተሩ ነው» አለ። እኛ አገር ሞተር ሲታመም ሁልጊዜ ካፓሲተሩ ነው። ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። «ይሄኛው ፎርጅድ ነው፣ ኦሪጅናሉን ፈልጉ» አለ ደግሞ። አባቴ ይሄኔ ደወሉልኝ።

«አንቺ ተምረሽዋል። ነይና ካፓሲተሩን እይልኝ።»

«አብሽሩ አባ፣ መጣሁ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ሞተሩን ከፓምፑ ነጥለን ባዶውን አስነሣነው፤ ወዲያው ተነሣ። ካፓሲተር ውስጥ ሁለት ስስ ብረቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ በመሃላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ኤሌክትሮን የለም። በመሃል የሚለዋወጠው የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ነው፤ መለዋወጡ ግን እንደ ማንኛውም ከረንት በዙሪያው ማግኔት ይፈጥራል። ዲስፕሌስመንት ከረንት የምንለው ይህንን ነው። ካፓሲተሩ ቢሞት ኖሮ ሞተሩ እዝዝ ብሎ ይቀር ነበር እንጂ እንዲህ ተስፈንጥሮ አይነሣም።

መዳፌን ብረቱ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ውሃ አይስብ፣ ሸክም የለበት፣ ዝም ብሎ እየዞረ ጋለ። ይህ ኤዲ ከረንት ነው። ማግኔት ሲለዋወጥ በብረቱ ገላ ውስጥ እውነተኛ ኤሌክትሮኖች ክብ እየሠሩ ይሽከረከራሉ፤ የትም አይደርሱም፣ ብረቱን ማጋል ብቻ። ይህ እንዳይሆን ነው የሞተር ብረት ወጥ የማይደረገው። ስስ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ተደራርቦ፣ በየመሃሉ ቫርኒሽ ይቀባል፣ አዙሪቱ መላወሻ እንዳያገኝ። ያ ቫርኒሽ የት ሄደ?

«አባ፣ አሮጌውን ሽቦ ማነው ያወጣው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ» አሉ፣ ፊታቸው እየፈካ። «የወልድያው ልጅ፣ ሽቦው ተጣብቋል፣ በእሳት ነው የሚለቀው፣ ወረፋ ይጠብቁ አለኝ። እሳትን ለኔ ነው የምትነግረኝ ብዬ ብረቱን ይዤው መጣሁ። እንደ ከሰል ቀበርኩት። ግንድ ከሥር፣ ግንድ ከላይ፣ አፈር አልብሼ። ሳወጣው ሽቦው እንደ ፀጉር ተመዘዘ። መልሼ ስወስድለት ልጁ ራሱ ተገረመ።»

የወርክሾፕ እሳት ሽቦ አላቆ የሚበቃው ነው። የአባቴ እሳት ግን ግንድ ከሰል የሚያደርግ እሳት ነው፣ ታፍኖ፣ በዝግታ፣ እስከ ውስጥ የሚዘልቅ። የቆርቆሮዎቹን ቫርኒሽ አንድ ሳያስቀር በልቶታል። ሰውዬው በሕይወታቸው አሳምረው የሚያውቁት አንድ ሥራ ማሳቸውን ገደለው፣ ይህንን ደግሞ የምነግራቸው እኔ ነኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ሰዓት የተማርኩበትን ቀን ረገምኩ። ካፓሲተሩ ነው ብላቸው ምን ነበረበት? ኦሪጅናል ፍለጋ ወልድያ ይሄዳሉ፣ ነጋዴውን ይራገማሉ፣ ልባቸው ይድናል። ሽንኩርቱ ግን እሳቸው ሲመላለሱ ያልቃል። ሌላ ሞተር ቶሎ ካልተፈለገ ተስፋ የለውም።

ነገርኳቸው። የማይሻገረውንም፣ የሚዞረውንም፣ ቫርኒሹንም አንድ በአንድ። ራሳቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«እንግዲያ ያ የማይሻገረው አይደለም ትያለሽ።»

«አይደለም አባ።»

«የሚዞረው ነው።»

«አዎ።»

«ቅባቱን የበላው እሳት ነው።»

ወደ ሽንኩርቱ ዞርኩ። ጫፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል። «እሳት ነው» አልኩ።

ሞተሩ ላይ ያረፈውን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አውቄው ነበር» አሉ። «ስቀብረው አይደለም፣ ሳወጣው። የብረቱ መልክ ተለውጦ ነበር። እሳት የጠገበ ነገር እኔ አይጠፋኝም። ካፓሲተሩ ነው ሲሉኝ ጊዜ ግን፣ ያረቢ ካፓሲተሩ አድርገው እያልኩ በየሶላቴ ለመንኩ። አንቺንም የጠራሁሽ እሱ ነው እንድትዪኝ ነበር።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እኛ ጋ እንኳን የፈሰሰው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውም አልወጣ አለ። ስልኬን አውጥቼ መርሳ ደወልኩ፣ ውርጌሳ ደወልኩ፣ ወልድያ የማውቀውን ሁሉ ለመንኩ። የሚገጥም ሞተር ያለው ሰው ጠፋ፤ አንዱ ብቻ ከአዲስ አበባ ላስመጣ አለኝ፣ መቼ እንደሚደርስ ግን እሱም አያውቀው። ጎረቤቶቻችን ፓምፕ አላቸው፣ መብራቱ ግን ብልጭ እያለ ስለሚጠፋ ለራሳቸው ማሳም አይበቃቸውም። ክፉ ሆነው አይደለም። በንዴት አለቀስኩ፣ አባቴ ፊት።

እሳቸው ገመድና ባልዲ ይዘው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ቀድተው አቀበሉኝ፣ እኔ መደቡ ላይ አፈሳለሁ፣ ባዶውን እመልሳለሁ። እናቴም በጀሪካን ተቀላቀለችን። መሬቱ እንዳልጠጣ ሆኖ ይጠጣል። ባልዲ ይዤ ወደ ሩቁ ዳር ስሮጥ፣ ያኛው ይብሳል፣ ያኛው ሊሞት ነው እያልኩ፣ ግማሹ ውሃ መንገድ ላይ ተደፋብኝ።

«የሩቁን አትይው ልጄ» አሉ አባቴ፣ ገመዱን እየሳቡ። «የሚደርስሽን አጠጪ።»

የሚደርሰኝ ጉድጓዱ አጠገብ ያሉት ጥቂት መደቦች ብቻ ነበሩ። እነሱን አጠጣን። ሌላውን ፀሐይ ዓይናችን እያየ ወሰደችው።