ቅቤውን ማን ዋጠው?

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ከጤና ጣቢያ በተመለስኩ ማግስት አማቴ ሊያርሱኝ መጡ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘዋል። ከሱሉልታ ወርደው አዲሱ ገበያ ላይ ከሚሸጡት ሴቶች አሽትተው፣ ቀምሰው፣ ተከራክረው የገዙት ነው። ያኔ ስኳሩም ዘይቱም ከቀበሌ ሱቅ በተራ ነበር የሚገኘው፤ ቅቤውን ሳይ ለገንፎዬ መስሎኝ ምራቄን ዋጥኩ። ለካ ለእኔ አልነበረም።

«አንጀቱ ይለስልስ፣ ጉሮሮውም ይጥራ» አሉና በትንሿ ጣታቸው ጫፍ አንስተው ልጄ አፍ ውስጥ ጨመሩት።

ልጁ ዓይኑን አፈጠጠ። ከዚያ ትን አለው፤ ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። ከአልጋዬ እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። እሳቸው ግን እፍ እፍ አሉበትና ልጁ ተንፍሶ ሲያለቅስ፣

«አይዞሽ፣ አንጀቱ እየተከፈተ ነው» አሉኝ።

እኔ ከተፈጥሮዬም ፈሪ ነኝ። ልጁ ሲተኛ ትንፋሹ መኖሩን ለማረጋገጥ ጆሮዬን አፍንጫው ሥር የምደቅን ሴት ነኝ። ያዋለደችኝ ነርስ ደግሞ፣ «ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጪው፤ ቅቤ በትንፋሹ ከገባ ሳንባውን ያሳምመዋል» ብላኛለች። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ሳንባ የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። ይህንኑ ለአማቴ ብነግራቸው፣

«ያቺ ጓዲት ስንት ወልዳለች?» አሉኝ።

«ገና አላገባችም መሰለኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው!»

ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ጠብቄ ወደ ጓዳ ጠራሁት።

«እናትህን አንተ ንገራቸው።»

«እኔንም እኮ በዚሁ ቅቤ ነው ያሳደገችኝ።»

«ለዚህ ነዋ እንዲህ የምታንኮራፋው!»

«የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ኮፍያውን አነሳ። በዚያ ዘመን ከሚስትም ከእናትም ለማምለጥ እንደ ስብሰባ የሚሆን ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ ቅቤውን ይዘው ወደ አልጋው ሲጠጉ፣ «እማማ፣ ከእኔ እጅ ይልመድ፤ እኔ ላስውጠው» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነጠላዬን በእኔና በልጁ ላይ ጣል አደረግሁ። ለልጁ ጡቴን አጎረስኩት። ቅቤውን በሻሼ ሥር አስገብቼ አናቴ ላይ አሸሁት።

«ዋጠ?» አሉ ከኋላዬ።

«አይሰሙትም፣ እማማ? ጉርጭ ጉርጭ ይላል እኮ!»

አልዋሸሁም። ልጁ እየዋጠ ነበር፤ ምን እንደሚውጥ የጠየቀኝ የለም።

እንዲህ እየተባባልን ከረምን። የልጁ ጉንጭ ተነፋ። በእርግዝናዬ ወራት ደርቆ ሲሰባበር የነበረው ጸጉሬም ማበጠሪያ አልይዝ አለ። አማቴ ልጁ በወፈረ ቁጥር ቅቤውን ጨመር ያደርጋሉ፤ እኔም ሻሼን ጠበቅ አደርጋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ጎረቤት ልትጠይቀኝ መጣች። እሷም ከእኔ ጥቂት ቀደም ብላ የወለደች ናት፤ ሴት ልጇን ታቅፋለች። አማቴ አራስ እንዳይበርዳት ብለው ከሰል አንድደው ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል። ልጄን ገልጠው አሳዩዋት።

«እይው፣ ይኼ የቅቤ ልጅ ነው! ጠዋት ጠዋት ከእናቱ እጅ ጭልጥ ነው የሚያደርገው።»

«የእኔዋማ ቀጫጫ ናት፣ እማማ። ከነገ ጀምሮ እኔም አስውጣታለሁ።»

«ምን ነገ አለው? ቅቤው እዚሁ አለ» ብለው ቅጠሉን መፍታት ጀመሩ።

የእኔን ልጅ አድኜ የሰው ልጅ ላስፈጅ ነው? ልናገር ብል ምስጢሬ ሊወጣ ነው። ጭንቀቱና ከሰሉ ተባብረው አላበኝ፤ ከሻሼ ሥር የቀለጠ ቅቤ በግንባሬ ወርዶ አፍንጫዬ ላይ ቆመ።

አማቴ በጣታቸው ጠረጉት። አሸተቱት። ሻሼን ሳብ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ! ቅቤዬን የዋጠው ልጁ ነው ወይስ ጸጉርሽ?»

«ጸጉሬ ነው፣ እማማ» አልኩ፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። «ከመጀመሪያው ቀን በቀር አልዋጠም፤ ያን ቀንም ትን ብሎት ሊሞት ነበር። ጉንጩን ያሳበጠው ጡት ነው። በማርያም፣ እንዳታስውጫት!»

ጎረቤቴ አንዴ አማቴን፣ አንዴ የእኔን አናት ታያለች። አማቴ ቅቤውን በጣታቸው መሃል አሹት። ስድብ ስጠብቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ቅቤ አሳደገው አልኩ። በየት በኩል እንደሚገባ መቼ ተናገርኩ?» ወደ ጎረቤቴ ዞሩ። «የእናት አናት ሲርስ ወተት ይወርዳል። ነይ፣ ሻሽሽን ፍቺ!»

ጎረቤቴ ሻሿን ፈታች። ለልጅቷ የታሰበው ቅቤ ሁሉ እናትየዋ አናት ላይ ተጫነ። እኔ ልጅቷን ተቀብዬ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ሁለታችንን ሲያይ፣

«ምነው፣ ሰርግ አለ እንዴ?» አለ።

«ዝም በል!» አሉት እናቱ። «ሕክምና ላይ ነን።»

ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ቅቤ የዋጠ ሕፃን አላየሁም። የወለደች ሁሉ ግን፣ በአማቴ ትእዛዝ አናቷ ርሶ፣ ዝንብ እያባረረች ታጠባ ነበር።