የወደቁት የአቮካዶ ዛፎች

ባለፈው ሳምንት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጌጃ ሰፈር የጎረቤቴን ቆርቆሮ ገነጠለው። ሰፈርተኛው መዶሻና ሚስማር ይዞ ግር ብሎ ወጣ። እኔም መሰላሉን ደግፌ እንደቆምኩ ሐሳቤ ቡታጅራ ሄደ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። እናቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ፍራፍሬ ትሸጣለች፤ እኔም አግዛታለሁ። አቮካዶ የሚልኩልን ጋሽ ከድር የሚባሉ የቡታጅራ ገበሬ ነበሩ። አንድ የግንቦት ጠዋት ጭነቱን የሚያመጣልን ሹፌር ባዶ አይሱዙ ይዞ መጣ።

"አውሎ ነፋስና በረዶ የጋሽ ከድርን ዛፎች ጣላቸው" አለን።

"ሌላ አቅራቢ እንፈልግ?" አልኳት እናቴን።

"ሰው ሲወድቅ ነው እንዴ የሚተወው?" ብላ ሱቁን ዘጋች።

በዚያው አይሱዙ ሄድን። ግቢው በተቀጠፈ ቅጠል ሽታ ታፍኗል። ጋሽ ከድር ለእርሻቸው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ መጥረቢያ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ፣ "ሁሉንም ቆርጬ ባሕር ዛፍ እተክላለሁ ይላል" ሲሉ ሹክ አሉን።

"እትዬ ብርሃኔ፣ ለልቅሶ መጡ?" አሏት ጋሽ ከድር እናቴን።

"ለልቅሶ ገና ነው። ሥሩ ያልተበጠሰውን ያሳዩኝ።"

መጥረቢያውን መሬት አስቀምጠው ተነሡ። አንዱ ዛፍ ሥር ተንበርክከው ጭቃውን በእጃቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ "ይሄ... ይሄ እንኳ ይተርፋል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ነበር። ቅርንጫፎቹን መለመልን፤ ዛፎቹን በገመድ እየሳብን አቆምን፤ በባላ ደገፍናቸው፤ ሥሮቻቸውን አፈር አለበስን፤ ፀሐይ እንዳይጠብሳቸው ግንዳቸውን ኖራ ቀባን። እናቴ ገመድ ስትስብ ተንሸራታ ጭቃው ላይ ዘጭ አለች።

"እርስዎንም በባላ እንደግፍዎት?" ብለው ጋሽ ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እሷ ከሁላችንም በላይ ሳቀች። እትዬ ዘይነባ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡ፤ መዳፌ ተላልጦ ስለነበር በእጃቸው አጎረሱኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ አላስታውስም።

አንዳንዶቹ ዛፎች ደረቁ። የሚበዙት ግን ክረምቱ ሲወጣ አቆጠቆጡ። ፍሬ እስኪይዙ ዓመታት ወሰደ፤ እናቴ ብርቱካንና ሙዝ እየሸጠች ጠበቀች። በመጨረሻ ጋሽ ከድር ራሳቸው አንድ ቅርጫት አቮካዶ ታቅፈው ከአይሱዙው ወረዱ። "ይሄ አይሸጥም፤ የቤት ነው" አሏት።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ስለ ዛፍ ምንም እንደማታውቅ አውቅ ስለነበር አንድ ቀን፣ "ያኔ ቡታጅራ ምን አደርጋለሁ ብለሽ ነው የሄድሽው?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"ጉዳቱን ብቻቸውን እንዳያዩት ነዋ" አለችኝ።

ዛሬም መከራ የደረሰበት ሰው ቤት ለመሄድ ሳስብ፣ ምን እንደምል ይጠፋኛል፤ እግሬም ወደኋላ ይላል። ያን ጊዜ ይህች መልሷ ትመጣብኛለች። የምለው ሳይኖረኝ እሄዳለሁ።