ቤት ሊያዩ የመጡት

አባይነሽ ባሏ ጉተማ ከሞተባት ወዲህ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከኮተቤ ከፍ ብላ በምትገኝ አንዲት የቀበሌ ቤት ከልጇ ከኢፍቱ ጋር ትኖር ነበር። ሥራዋ በሲ.ኤም.ሲ. ሰፈር ቪላዎች እየዞረች ልብስ ማጠብ ነው። እጇ በበረኪና ተላልጦ እንኳ ነጠላዋ አንድ ቀን አድፎ አይታይም። እውነቱን ለመናገር ድህነቷን መደበቅ ሙያዋ ነበር፤ ትኮራበትም ነበር።

የማይደበቅ ነገር የገባው ኢፍቱ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስኳር ሲይዛት ነው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ካልተወጋች እንደማትተርፍ ሐኪሙ ለእናትየው ፊት ለፊት ነግሯታል። መድኃኒቱ የሚሰጣት ቀበሌው በየዓመቱ በሚጽፍላት የነጻ ሕክምና ደብዳቤ ነው። ብልቃጡ ሙቀት እንዳያበላሸው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንስራው ሥር ይቀመጣል።

በ1995 ክረምት ሲገባ በጀት ተቀነሰ የሚል ወሬ መጣ። በቀበሌው ደብዳቤ ከሚያገኘው ስድሳ ቤተሰብ፣ ከእንግዲህ የሚጻፈው ኮሚቴ ለሚመርጠው ሃያ ብቻ ነው ተባለ። እነማን እንደሚቀሩ የሚያውቅ የለም። በመንደሩ የሰው ሰላምታ አጠረ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ። አንድ ዓርብ ለአባይነሽ፣ "ነገ ኮሚቴው ቤትሽን ሊያይ ይመጣል" የሚል መልእክት ደረሳት።

እንግዲህ የኛን ሰው "ቤትሽን ሊያዩ ነው" ብለውት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ነው? አባይነሽ የፈራረሰውን መደብ አየችና አፈረች። የሚደመጠው የተከበረ ሰው ነው ብላ ታምናለች፤ ምስኪን። ጎረቤቷ አስቴር ሶፋዋን፣ ምንጣፏንና ብርጭቆዎቿን አመጣችላት። ዕቃው ባሏ ዲንሳ በልብ ሕመም ሳይተኛ፣ ሹፌር በነበረ ጊዜ የተገዛ ነው፤ ዛሬ እሱም የሚታከመው በዚያው በቀበሌው ደብዳቤ ነው።

"የኛ ተራ ሰኞ ነው ተብለናል፤ እስከዚያ ትመልሺልኛለሽ" አለቻት አስቴር፣ ከልቧ።

ቅዳሜ ጠዋት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ጨጨብሳ በማር ቀረበላቸው፣ በሉ፣ መረቁ። ከዚያ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ዙሪያውን አይተው አንድ ነገር ጻፉ። አባይነሽ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ አይታ ደስ አላት። እንግዶቹ ሰዓት ስለተረፋቸው ሰኞን ሳይጠብቁ እዚያው አጠገብ አስቴር ቤት ገቡ። ቤቱ ባዶ ነበር፤ በሽተኛው ዲንሳ ወለሉ ላይ ተኝቷል።

ማክሰኞ የስም ዝርዝሩ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አባይነሽ የለችበትም። እየሮጠች አቶ ኃይለጊዮርጊስ ቢሮ ገባች።

"ዕቃው የኔ አይደለም፤ የተዋስኩት ነው" አለች።

"ወይዘሮ አባይነሽ፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት" አሉ አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ ሳይቆጡ። "አምንዎታለሁ። ግን የመጣልን በጀት የሃያ ሰው ነው። እርስዎን ለማስገባት አንድ ሰው ማውጣት አለብኝ። ዕቃው የማን ነው? የዕቃውን ባለቤት ይንገሩኝና አሁኑኑ ሠርዤ እርስዎን እጽፋለሁ።"

አባይነሽ አፏን ከፈተች። ስሙ ምላሷ ላይ ነበር። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ በአሥራ ሰባተኛው ተራ ላይ አስቴር ተጽፋለች። አቶ ኃይለጊዮርጊስ እስክሪብቶውን ይዘው ጠበቋት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጅ ነስታ ወጣች። ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም፤ ልጇን የገደለቻት እየመሰላት ነበር የምትራመደው።

ኢፍቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች።

"እማዬ፣ ጻፉልን?"

እውነቱን ብትነግራት ልጅቷ ራሷ አስቴር ቤት እንደምትሄድ፣ አስቴርም ዕቃው የኔ ነው ብላ ስሟን እንደምታሠርዝ ታውቃለች።

"አዎ፣ ጽፈውልናል" አለቻት።

ኢፍቱ በረጅሙ ተነፈሰችና ሳቀች። "ሳልነግርሽ፣ እንዳያልቅብን ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግማሽ ግማሹን ነበር የምወጋው። ሰውነቴ ሁሉ ዝሏል። እንግዲያው ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሙሉውን እወጋለሁ" አለችና የቀረቻቸውን አንዲት ብልቃጥ ልታመጣ ገባች።